ወደቡ የተዘጋ ቀን

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጉናል» አለ ባሏ። የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር መጋረጃ ሰፊዋ ቃል በቃል ሰማችው። «ምን ይደረግ? የገዛነውንም ዕቃ ይዘውት ሊሄዱ ነው። እስቲ አሁን ጫማ ሻጭ ሱቁን ቢዘጋ የደንበኛውን ጫማ ከእግሩ ላይ ያወልቃል? ግፍ እኮ ነው! እኔ እንደሆንኩ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ከዚያ ንቅንቅ አልልም።» የሚያናግረው ሰው ምን ብሎ እንደመለሰለት አልተሰማትም፤ ጆሮው ላይ የደፋው ማዳመጫ የሚያወራው ለእሱ ብቻ ነው። ገና ተተኩሶ ሙቀቱ ያልበረደ መጋረጃ በሁለት ክንዷ ታቅፋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል ስትሰማ በእግር ጣቷ እየረገጠች ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

የሚዘጋው ማተሚያ ቤቱ ነው ብላ አሰበች። ሌላ ምን የሚዘጋ ነገር አለው? ከአባቱ የወረሰው ጠባብ ቤት ነው፤ የሠርግ ጥሪና ባነር ያትምበታል፤ የሕንፃው ባለቤት ቦታውን ለፋርማሲ ሊሰጠው ይፈልጋል የሚል ወሬ ከተነሳ ቆይቷል። ባሏ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጥርሱን ቢያመው ጉንጩ ካላበጠ በስተቀር የማይናገር ሰው ነው። ቁርስ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚያወጣትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ዳቦውን በሻይ እየነከረ ሲበላ ካየችው በኋላ፣ የወሬ በር ልክፈትለት ብላ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» አለችው። «ደህና ነው» አለ። «አዲስ ነገር የለም?» «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ፍርፋሪውን በመዳፉ ጠርጎ ሰበሰበና ተነሳ። ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፤ ብዙው ነገራቸው እንዲህ በሆድ ይፍጀው ነው የሚያልፈው። እሷ ደግሞ ያልገባት ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር የሚቆረቁራት ሴት ናት። ልጅ ሳለች አዲስ የተገዛላትን ቀሚስ እንዴት እንደተሰፋ ልይ ብላ በምላጭ መተርተሯ እስከ ዛሬ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይሳቅበታል።

ያን ቀን ጠዋት አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ የምትሰቅለው መጋረጃ ነበራት። መሰላል ላይ ቆማ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ እያስገባች፣ ዓይናቸው በመድኃኒት የፈዘዘ ታካሚዎች ከታች ቀና ብለው ሲያዩዋት፣ ልቧ ግን ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ነበር። እንደጨረሰች ክሊኒኩ ሒሳቡን እስኪያዘጋጅላት እንኳ አልጠበቀችም፤ ነገ እመጣለሁ ብላ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ልታይ የፈራችው በሩ ላይ የተንጠለጠለ አዲስ ቁልፍ ነበር። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማሽኑ እንደወትሮው ይንኳኳል፤ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የጥሪ ካርድ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ባሏ ወረቀት ሊገዛ ወጥቷል። ውስጥ ያለችው ብቸኛዋ ሠራተኛ ዲዛይነሯ ናት፤ የሙሽሮች ስም ዙሪያ አበባ እየዘራች ነበር።

«የሚዘጋው ዛሬ ነው አሉ» አለቻት መጋረጃ ሰፊዋ፣ እንደሚያውቅ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑ ማዘር?»

«ቤቱ ነዋ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

ዲዛይነሯ ለአፍታ አፍጥጣ አየቻትና ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። «ወይኔ ማዘር! እሱ እኮ ጨዋታ ነው፤ የኮምፒውተር ጨዋታ። ‹ሰባት ወደብ› የሚባለው።» ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና አስረዳቻት። ትልቅ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ዳር ሰባት ወደብ አለ፤ ጀልባ ይዘው ዕቃ ያመላልሳሉ። ጀልባዋ ግን ስድስት ሰው ካልሞላ አትነሳም፤ ስድስቱም በየቤታቸው ቁጭ ብለው የሚጫወቱ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። አለቃዋ በምሳ ሰዓት እዚሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቤት ውስጥ ይጫወታሉ። ዓመታት ሆኗቸዋል። ዛሬ ለመሰናበት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት እንደሚሄዱም ነግረዋታል።

«ጨዋታ እንዴት ይዘጋል? ዳማ ተዘግቶ ያውቃል?» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«ዳማው ያለው እርስዎ ቤት ነዋ። ይኼኛው ያለው ኩባንያው ጋ፣ ትልልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። እነሱ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲነኩት ወንዙም የለ፣ ጀልባውም የለ።»

መጀመሪያ ሳቀች። አንድ ጠዋት ሙሉ ለጨዋታ መጨነቋ አሳቃት። ቀጥሎ ግን ስሙ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሰባት ወደብ። ይህን ስም ታውቀዋለች። የባሏ ታናሽ ወንድም የሚሠራው እዚያ ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የተኮራረፉትም በዚሁ የተነሳ ነው። ታናሽየውን ዛሬም ሪዙ ሸብቶ ሁሉም ማሙሽ ነው የሚለው። አባታቸው ታመው የተኙ ጊዜ ጨዋታው ለሕዝብ የሚከፈትበት ሳምንት ነበር፤ ማሙሽ ዛሬ ነገ ሲል አባት ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሲደርስ ታላቅየው፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «አባትህ በር በር እያየ ሞተ፤ አንተ እዚያ ትጫወታለህ» አለው። ከዚያ ወዲህ አንዳቸው የሌላቸውን ደጅ አልረገጡም። እሷ ብቻ አልፎ አልፎ እየደወለች ደህንነቱን ትጠይቃለች፤ ለባሏ ማሙሽ ሰላም ብሎሃል ስትለው ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የወንድሙን ጨዋታ ዓመታት ሙሉ ምን ሲያደርግበት ኖረ? ለምንስ ይዘጋል? ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ያዟት። ከሰዓት በኋላ የምትለካው መስኮት ነበራት፤ ለቤቱ ባለቤት ደውላ ቀጠሮውን አዛወረችና ወደ ታክሲ ተራ ሄደች።

ታክሲው አልሞላም ነበር። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። አንዲት ቦርሳ የያዘች ሴት ሰዓቷን አየችና ወረደች፤ «ሦስት ሰው የቀረው!» አለ። ሴትየዋ ስትወርድ ያዩ ሁለት ተማሪዎች ተያዩና እነሱም ወረዱ። ሾፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ፣ «ሰውን እኮ የሚያባርረው ሰው ነው» ብሎ አጉረመረመ። መጋረጃ ሰፊዋ ግን አልወረደችም፤ መልሱን እስካገኘች ድረስ መቆየቱ አልከበዳትም።

ቢሮው በአንድ መስታወታማ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጥታበት አታውቅም። በሩ በእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ተደግፎ እንዲከፈት ተደርጓል፤ ሰዎች ስክሪንና ወንበር ተሸክመው ይወጣሉ፤ ወለሉ ላይ የተመዘዘ ሽቦ ተንዘርፍፏል። ዓይኗ እንደልማዱ መስኮቶቹ ላይ አረፈ። ፀሐይ ስክሪን ላይ እንዳታርፍ ብለው ካርቶን ለጥፈውባቸዋል፤ ካርቶኑ በፀሐይ ብዛት ነጥቷል፣ ጠርዙ ተቆልምሟል። ‹መጋረጃ ሰፊ ዘመድ እያላቸው!› አለች በልቧ፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ኩርፊያ መሃል ማሙሽ ምን ብሎ ሊጠራት ይችል እንደነበር ስታስብ አፈረች። አንዲት ሴት የአበባ ማሰሮ ታቅፋ መውጫው ላይ ቆማለች። ሰላም ተባባሉና ሥራዋን ጠየቀቻት። «ውሃ ነበር የምስለው» አለች ሴትየዋ። «ሌሎች ሰዉን፣ ሌሎች ጀልባውን ይሠራሉ፤ እኔ ውሃውን ብቻ። የጠዋት ውሃ፣ ዝናብ የሚመታው ውሃ።» ለምን እንደሚዘጋ ስትጠይቃት ፊቷ ተኮሳተረ። «ሻጮቹ ናቸው የገደሉት። በየወሩ ለተጫዋቾች የሚሸጥ አዲስ ባርኔጣ፣ አዲስ ሸራ አምጡ ይሉናል። አራተኛው ወደብ ላይ የተሰበረ ድልድይ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ እዚያ ይወድቃል። እሱን የሚጠግን ጊዜ አጣን፤ ባርኔጣ ስንሠራ።» በጎን ወንበር ተሸክሞ የሚያልፍ የሽያጭ ሰው ሰምቷት ኖሮ ቆመ። «በባርኔጣው ነው ደሞዝ የበላሽው» አለ፣ ሳይቆጣ፣ እንደደከመ ሰው። «ከአሥር ሰው ዘጠኙ በነፃ ነበር የሚጫወተው።» ለመጋረጃ ሰፊዋ ሁለቱም እውነት የተናገሩ መሰላት፤ ግን ነገሩ ያኔ የተረተረችውን ቀሚስ ስፌት ያህል እንኳ አልገባትም።

ማሙሽ ሲያያት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «እትዬ! ምን ሆናችሁ? ጋሼ ደህና አይደለም?»

«ደህና ነው፤ ምን ይሆናል። ለምን እንደምትዘጉ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ዓይኗን ሲያይ ግን አለመቀለዷ ገባው። ጠረጴዛው ላይ የቀረው አንድ ስክሪንና አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ ሌላው ዕቃው ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። የሥራው ክፍል የተጫዋቾችን አቤቱታ ተቀብሎ ኩባንያው ያዘዘውን መልስ ማስተላለፍ ነው፤ ‹ጆሮ ነኝ፣ አፍ አይደለሁም› ይላል ስለራሱ። ወንበር ሰጣትና አወራላት። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ስለሚጎርፍ ጀልባ ለመሙላት ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ይበቃ ነበር። ከዚያ ሌላ ጨዋታ ወጣ፤ ወጣቶቹ ወደዚያ ነጎዱ። ስድስተኛውን ሰው መጠበቅ ትንሽ ረዘመ። በመጠበቅ የሰለቸ አምስተኛው ወጣ። እሱ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ሰው መጠበቅ ሆነ። «በመጨረሻ ጨዋታው መጠበቅ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ እትዬ።»

«ታክሲ ነው በለኛ» አለች። «አሁን ስመጣ እንደዚያ ሆኖ ነው የቆምነው። ታዲያ ታክሲው በአራት ሰው አይሄድም ነበር?»

«እኛም ጠየቅን። አራት ሰው ይበቃል ብለን ጻፍን። አለቆቹ፣ እንዲያ ካደረግን ሰው ማነሱን ያወቅን ይመስላል አሉ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ዛሬም እኮ በየከተማው ስንት ሰው ይጫወተዋል። ለእኔ ብዙ ነው። ለእነሱ ግን ባዶ ነው።»

በካርቶኑ ቀዳዳ የገባች ጨረር ጠረጴዛው ላይ አርፋለች። ልንገረው አልንገረው እያለች ቆየችና፣ ሁለቱንም እንዳትከዳ ቃሉን እየመጠነች፣ «ማሙሽ፣ ወንድምህ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«እንደሚጫወት። በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅሁት።» አሁን ነው እንደድሮው የሳቀው፣ አንገቱን ሰብሮ። «አንድ ተጫዋች አቤቱታ ላከልን። ሌላው ሰው ጀልባዬ ሰመጠች፣ ዕቃዬ ጠፋ ነው የሚለው። ይኼኛው ግን ‹በሦስተኛው ወደብ የመጋዘን ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ተገድፏል፤ ባሕር የሚጻፈውም በሐመሩ ሐ ነው› ይላል። በማግስቱ ሌላ እርማት መጣ። በዓለም ላይ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ የግድግዳ ጽሑፍ የሚያርም ከጋሼ በቀር ማን አለ? ስሙን ደግሞ ‹አራሚው› ነው ያለው!»

«ምን ብለህ መለስክለት?»

«ምን እላለሁ? ‹ውድ ተጫዋች፣ ስለ እርማትዎ እናመሰግናለን› ነዋ። የነገረኝን ሁሉ እየሄድኩ አስተካከልኩ፤ ሠራተኞቹን እየለመንኩ። በሚቀጥለው ቀን ገብቶ ያየዋል። አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ሰሌዳው ፊት ሲቆም አየዋለሁ።» ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። «እኔ መሆኔን ያውቅ ይሆን፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለእኔ መጫወቱንም አልነገረኝ።» ባሏ በዚያች ክፍል በር ዘግቶ የሚያደርገውን አሁን ልትገምት ሞከረች። በአንደበቱ ወንድሙን አልጠየቀም፤ ግን የወንድሙ ሥራ ምን እንደሚመስል ሊያይ ገብቶ፣ በሚያውቃት ብቸኛ ሙያ፣ ፊደል በማረም፣ ሲያግዘው ኖሯል። ተናዳም አዝናም አላበቃችም። ሁለት እርጉም ግትሮች!

አሥራ አንድ ሰዓት እየቀረበ ሲመጣ የቀሩት ሠራተኞች በማሙሽ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳይሆን በየራሳቸው ጥግ ተበታትነው ተቀመጡ፤ ውሃ ሣዪዋም ማሰሮዋን አስቀምጣ ተመለሰች። ሠራተኛ ሁሉ ለስንብት ወደ ጨዋታው እንዲገባ ተፈቅዶለታል፤ ጭንቅላቱ ላይ ቢጫ ባንዲራ ይወጣለታል። ማሙሽ ስክሪኑን አዞረላት። ወንዙን ያኔ ነው ያየችው። ውሃው የምር ቆንጆ ነበር፤ የማታ ፀሐይ እንደ ሐር ጨርቅ እጥፋት ላዩ ላይ ትተኛለች። በመጀመሪያው ወደብ ሰው ተሰብስቧል፤ የሚጨፍር አለ፣ ርችት የሚተኩስ አለ። ማሙሽ ያን ሁሉ አልፎ ወደ ሦስተኛው ወደብ ሄደ። መጋዘኑ አጠገብ ቀይ ሸራ የተሰቀለባት ጀልባ ቆማለች፤ ጀልባዋ ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ። ከራሱ በላይ ‹አራሚው› ተብሎ ተጽፏል። ስድስት ሰው ስላልሞላ የትም መሄድ አልቻለም፤ ዝም ብሎ ቆሟል። ባሏ እዚያ ማዶ ቤታቸው ውስጥ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ታያት።

ቢጫ ባንዲራውን ሲያይ አራሚው ዞረ። ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፉ ብቅ አለ፤ በአራት ነጥብ የተዘጋ፣ ሥርዓት ያለው ጽሑፍ። «እንደምን ዋላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ጨዋታው የሚዘጋው በምን ምክንያት ነው።»

ማሙሽ እጁን አነሳ። ኩባንያው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ ‹ውድ ተጫዋች› ብሎ ጀመረው። ቆመ። አጠፋው። ጣቱ የፊደል ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። አንዲት ቃል ጻፈና ላካት።

«ጋሼ»

ወንዙ ይፈሳል። ቀዩ ሸራ ይወዛወዛል። አራሚው ንቅንቅ አላለም። ከሩቅ ርችት ተተኮሰ። በኋላ ግርጌው ላይ መልሱ ወጣ፤ ነጥብ እንኳ የሌለው።

«ወዬ»

ማሙሽ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና እየተጣደፈ መጻፍ ጀመረ። ሰዓቱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ብዙ ምክንያት አለው አለ። ሰው መጠበቅ ሰልችቶት ሄደ አለ። ጉዳዩ ግን ከዚያ በፊት ነው አለ፤ መስመር በመስመር እየላከ። «የሠርግ ዕለት የመጣውን እንግዳ አይተን ለሁልጊዜው ያንን የሚያክል ቤት ሠራን» አለ። «ልኩን ነው ያጣነው። ሁሉም የተበላሸው በተከፈተ ዕለት ነው። ያን ቀን» ብሎ ላከ፤ ቀጣዩን ሊጽፍ ሲል ውሃው ቆመ። ቀዩ ሸራ ባለበት ደረቀ። ከዚያ ስክሪኑ ግራጫ ሆነ፤ መሃሉ ላይ ‹ግንኙነት ተቋርጧል› የሚል አንድ መስመር ብቻ ቀረ።

አንዱ ጥግ ሰው ማጨብጨብ ጀመረና አብሮት የሚያጨበጭብ ሲያጣ ተወው። ውሃ ሣዪዋ ግራጫውን ስክሪን በመዳፏ ዳበሰችው። ማሙሽ እንዳጎነበሰ ቀረ። መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ትከሻው ላይ ልታደርግ ስትል ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የቁጥሩን ባለቤት ሁለቱም ያውቁታል፤ እዚህ ስልክ ላይ ግን ለዓመታት ወጥቶ አያውቅም። ማሙሽ አነሳው፤ ጆሮው ላይ አድርጎ ሃሎ ማለት አቃተው። የባሏ ድምፅ ለእሷም ተሰማት፤ ወፍራም፣ እንደሁልጊዜው ቁጥብ።

«‹ያን ቀን› ብለህ ነው የተቆረጠው።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ያን ቀን የቱ ቀን እንደሆነ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ወደቡ የተከፈተበት፣ አባት በር በር ሲያዩ የዋሉበት ቀን ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ባሏ ስልኩን የሚዘጋው መሰላት። አልዘጋውም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እህ» አለ። «ያን ቀን ምን ሆነ? ጠይቄህ አላውቅም። ንገረኝ እስቲ።»

ማሙሽ ተነሳ። መጀመሪያ ቃሉ ተሰባበረበት፤ ከዚያ እየተስተካከለ ሄደ። ጠዋት እንዴት ሊወጣ ቁልፉን እንደያዘ፣ እንዴት አለቆቹ በሩ ላይ ጠርተው እንደመለሱት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ያሉት እንዴት እንደተጎተተ መናገር ጀመረ። በማዶ በኩል «እሺ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» እሷ ብርጭቆውን ካርቶኑ ውስጥ ጨመረችና ካርቶኑን ብብቷ ውስጥ አደረገች፤ ኮቱን አንስታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ደረጃውን ሲወርዱ እያወራ ነበር። ጎዳናውን ሲሻገሩም እያወራ ነበር፤ እሷ እጁን ይዛ ከመኪና ትጠብቀዋለች። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ወደ ራሱ ቤት በሚወስደው በኩል አልታጠፈም። ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ፣ የት እንደሚሄድም ሳይጠይቃት፣ ተከተላት።